በኪራይ ቤት ጓሮ የቀበርነው

ሥራዬ መቆም ነበር። ከባሕር ማዶ በውሰት የመጣ የጥንት አሦራውያን ኤግዚቢሽን ሜልበርን መሀል ባለ አንድ ሙዚየም በቆየባቸው ወራት፣ ጥቁር ሱሪና ጥቁር ሸሚዝ ለብሼ፣ ደረቴ ላይ ባጅ ለጥፌ፣ በቀን ሰባት ሰዓት ቆሜ እውል ነበር። ጣቱን ወደ ድንጋዩ የሚዘረጋውን «እባክዎ አይንኩ» እላለሁ፤ ፎቶ የሚያነሣውን «ያለ ፍላሽ» እላለሁ፤ ለቀረው ሽንት ቤቱን አሳያለሁ። አዲስ አበባ ባንክ ቤት ውስጥ አምስት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። ቆሞ መዋል ሙያ እንደሆነ ያወቅሁት አውስትራሊያ መጥቼ ነው።

ክፍሎቹን በየሁለት ሰዓቱ እንቀያየራለን። ክንፍ ያላቸው የድንጋይ በሬዎች የቆሙበት ክፍል ሲደርሰኝ እረፍት ነው፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ስለሚያይ እጁን የሚያስታውስ የለም። የጠላሁት አራተኛውን ክፍል ነው። እዚያ ንጉሥም አንበሳም የለም። ያለው የተራ ሰው የቤት ዕቃ ነው፦ የወፍጮ ድንጋይ፣ ከሸማኔ ድር ላይ የሚንጠለጠሉ የሸክላ ክብደቶች፣ የጠላ ማጥለያ፣ በምስማር የተጫረ የሚመስል ጽሑፍ ያለባቸው የጭቃ ገጾች። ከጥጉ ደግሞ ብቻዋን በመስታወት ሣጥን ውስጥ አንዲት እንስራ ተቀምጣለች፤ ቁመቷ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፣ አፏ ተሸርፏል። ከሥሯ የተለጠፈው ጽሑፍ ሁለት መስመር ብቻ ነው። የሕፃን መቀበሪያ እንደሆነችና ከአንድ መኖሪያ ቤት ወለል ሥር እንደተገኘች ይናገራል።

በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት የአምስት ዓመት ግድም ልጅ እናቷን ጎተተችና «ሕፃኑ አሁንም ውስጡ አለ?» ብላ ጠየቀች። እናትየው ወደ እኔ ዞረች። ባጅ ያደረገ ሰው ሁሉን ያውቃል። «የለም፣ ባዶ ነው» አልኩ። «ታዲያ የት ሄደ?» አለች ልጅቷ። ይሄንን በሥልጠናው ላይ አልነገሩንም። የመገናኛ ሬዲዮዬን ከጎን ያለው ክፍል ላለችው ባልደረባዬ ሰጥቼ ሽንት ቤት ገባሁ፤ አለቃዬ መጥታ በሩን እስክታንኳኳ ድረስ አልወጣሁም።

የእኔ ሕፃን ከሜልበርን ዳር፣ ትሩጋኒና ነበር። ከተከራየነው ቤት ጓሮ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ባለቤቴ ከእኔ ሦስት ዓመት ቀድሞ የመጣ ሰው ነው፤ ትሩጋኒና ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ፎርክሊፍት ይነዳል። እኔ በትዳር ቪዛ መጥቼ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ የዶሮ ሥጋ ማሸጊያ ቤት ነው፤ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ካርቶን ማንሣት። ሳረግዝ ለአለቆቼ አልተናገርኩም። ባለቤቴ «ንገሪያቸው» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ሺፍት ይቀንሱብኛል ብዬ ፈራሁ። በአራተኛው ወር መጀመሪያ፣ በሐምሌ ብርድ፣ ከሥራ እንደተመለስኩ ወረደ።

ሆስፒታል ያየችኝ ሐኪም ካርቶን በማንሣት የመጣ አይደለም፣ እንዲሁ የሚሆን ነገር ነው አለችኝ። አላመንኳትም። እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላመንኳትም። ነርሷ ደግ ነበረች፤ አንድ ወረቀት ይዛ መጥታ ምርጫ እንዳለን አስረዳችን። ሆስፒታሉ ይቀብርልናል፣ ካልሆነም ራሳችን ወስደን እንቀብራለን። «ወደ ቤት እወስደዋለሁ» አልኩ። ባለቤቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ «የት ቤት?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ጆሮ አልሰጠሁትም።

እኔ ባደግሁበት አገር ጭንጋፍ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይገባም፤ ለቅሶም አይቀመጡለትም። ከጓሮ ይቀበራል። እናቴን ከእኔ በፊት አንድ አስወርዷታል፤ ከጓሯችን ጌሾ ሥር ነው ያለው። ማንም ነግሮኝ አይደለም፤ አባቴ ጌሾውን ሊቆርጥ መጥረቢያ ያነሣ ቀን እናቴ የሆነችውን አይቼ ነው ያወቅሁት። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጌታን ስቀበል ከአገር ቤት ልማድ ብዙ ነገር ትቻለሁ። ይህቺን ግን መተው እንዳለብኝ ትዝም አላለኝ። የሞተ ልጅ ከጓሮ ነው። ጓሮው የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው በእኛ ቤት አልነበረም።

ባለቤቴ ከሥራ ቦታው አካፋ ተውሶ መጣ። የትሩጋኒና አፈር በክረምት እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ በበጋ ድንጋይ ነው። አንድ ክንድ ያህል ቆፈረና ከዚያ በታች እምቢ አለው። ነርሷ የሰጠችንን የወፍራም ወረቀት ሳጥን በነጠላዬ ቁራጭ ጠቅልዬ አስገባሁት። ወንድ ይሁን ሴት አላወቅንም፤ ስምም አላወጣንለትም። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ጎረቤታችን ሲጋራ እያጨሰ ስለነበር ባለቤቴ በሹክሹክታ ጸለየ። እኔ ከላዩ ጤና አዳም ተከልኩበት። ከዚያ ገብተን ሻይ ጠጣን፤ በማግስቱም እሱ ሥራ ሄደ። የቤቱ ሊዝ፣ የኪራይ ውላችን፣ የአንድ ዓመት ነበር።

ሊዙ ታደሰ፤ ዓመት አለፈ፤ እኔም የዶሮውን ሥራ ትቼ ሙዚየሙ ገባሁ። አሦርን የማውቃት ከስብከት ነው። ነነዌ ማለት ለእኔ ክፉ ከተማ ናት፤ ተጸጽታ የዳነች፣ ኋላ የጠፋች። ሰባኪ ስለ አሦር ሲናገር ጦርና ሰረገላ ነው የሚያወራው፤ እዚያ ከተማ ውስጥ እንቅልፍ ያጣች እናት ትኖራለች ብሎ የነገረኝ የለም።

ማክሰኞ ማክሰኞ አንዲት የታሪክ ምሁር ጎብኚዎችን እየመራች ታስረዳለች። አራተኛው ክፍል ስትደርስ የምትለውን በቃሌ እስክይዘው ድረስ ሰምቼዋለሁ። አሦራውያን ሙታናቸውን ከቤታቸው ወለል ሥር ይቀብሩ ነበር። ትልልቆቹ ቤቶች ከሥራቸው ደረጃ ያለው የመቃብር ክፍል አላቸው። ከላይ ይበላል፣ ይፈተላል፣ ይዳራል፤ ከታች አያት ቅድመ አያት ተኝተዋል። የአባቱን ቤት የሚወርሰው የበኩር ልጅ ግዴታም ይወርሳል፤ ለሙታኑ ውሃ ያፈስላቸዋል፣ ጨረቃ በምትሰወርበት ቀን ከማዕዱ ያካፍላቸዋል፣ ስማቸውንም እየጠራ ያነሣቸዋል። ውሃ የማያገኝ፣ ስሙን የሚጠራለት ሰው ያጣ ሙት እረፍት የለውም፤ ተጠምቶ ይንከራተታል። ሕፃናቱን ግን ከትልልቆቹ ጋር አይቀብሯቸውም። በሸክላ አድርገው፣ እናትየው ከምትውልበት ክፍል ወለል ሥር።

አንድ ሽማግሌ ጎብኚ «ቤቱ ቢሸጥስ?» ብሎ ጠየቃት። ሳቅ አለችና ጥሩ ጥያቄ እንደሆነ፣ በርግጠኝነት መናገር እንደማትችል መለሰች። ጎብኚዎቹም አብረው ሳቁ። ሁለቱን እጆቼን ከኋላዬ አቆላልፌ ግድግዳውን ተደገፍኩ፤ መደገፍ ክልክል ነው።

ከጭቃ ገጾቹ አንዱ ሕግ ነው። ባለትዳር ሴት አደባባይ ስትወጣ ትሸፈን፣ ባሪያ ተሸፍና ከተገኘች ትቀጣ የሚል ዓይነት። ከእነዚያ መሀል፣ በገዛ ሥራዋ ፅንሷን ያስወረደች ሴት በእንጨት ላይ እንድትሰቀልና እንዳትቀበር የሚያዝዝ አለ። ምሁሯ ጨካኝ ሕግ ነው ብላ ወደሚቀጥለው አለፈች። እኔ አላለፍኩም። ካርቶኖቹን ያነሣሁት በገዛ እጄ ነው። አገሩ ከጠፋ ስንት ሺህ ዓመት የሆነው ዳኛ እዚያ ጭቃ ላይ ሆኖ የፈረደብኝ መሰለኝ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ውሃ ማፍሰስ የጀመርኩት በዚያ ሰሞን ነው። ሥራ ከመሄዴ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ ከጓሮው ይዤ እወጣለሁ፤ ጤና አዳሙ ሥር አፈሳለሁ፤ እገባለሁ። አንድ ቀን ሥራ ያልገባው ባለቤቴ በወጥ ቤቱ መስኮት አየኝ። «ተክሉን እያጠጣሽ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ዝናብ እየዘነበ ነበር።

እሱ በቤተ ክርስቲያናችን ከአምልኮ መሪዎቹ አንዱ ነው፤ ሞኝ አይደለም። በሳምንቱ እቅጩን ጠየቀኝ፤ እኔም ነገርኩት። አሦራውያን እንዲህ ያደርጉ ነበር አልኩት። እንዲያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «ከሙታን ጋር መነጋገር ርኩሰት እንደሆነ አንቺ ነሽ የማታውቂው? ጣዖት አምላኪዎች ያደረጉትን ሁሉ ልናደርግ ነው?» አለ። «አልተነጋገርኩም፣ ውሃ ነው ያፈሰስኩት» አልኩ። «ለማን?» አለኝ። ለማን ብዬ የምጠራው ስም አልነበረኝም።

ቅዳሜውን ኮሊንግዉድ ከሚገኙት ረጃጅም የመንግሥት ቤቶች በአንዱ የሚኖሩትን የቤተ ክርስቲያናችንን እናት በመኪናው ይዞ መጣ። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን፤ ለታመመ፣ ለተጣላ፣ ለተጨነቀ ሁሉ የሚጸልዩት እሳቸው ናቸው። እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ ልጁ ጌታ ዘንድ ነው ያለው። እዚያ ያለው አፈር ነው። አፈር ውሃ አይጠማውም።»

«እትዬ፣ አንቱ አገር ቤት መቃብር የለዎትም?» አልኳቸው። ጥያቄዬ ክፋት ነበረው፤ አልክድም።

«ባለቤቴ አለ» አሉ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ስደውል ሁልጊዜ ሣሩን አጨዳችሁለት ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።» ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው፣ የጎረቤት ውሻ እስኪጮኽ ድረስ ጸለዩልኝ። ስሸኛቸው በሩ ላይ ጠጋ ብለው «ጠዋት ጠዋት ከሆነ ማንም አያይሽም» አሉኝ። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩትም።

ኖቲሱ የመጣው በታኅሣሥ ነው። አከራዩ ቤቱን ሊሸጠው ስለሆነ በስልሳ ቀን ውስጥ እንድንለቅ፣ ጓሮውንም እንደተረከብነው አድርገን እንድናስረክብ ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የአከራዩ ኤጀንት ወረቀቱ ነበር፣ እኔ ሞኟ። ባለቤቴ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ዳንደኖንግ፣ ሌላ ኪራይ ቤት አገኘ። ካርቶን እያመጣ ሳሎኑን ሞላው። እኔ አንድ ሳሕን አላሸግሁም። «መቼ ነው የምትጀምሪው?» ሲለኝ «እጀምራለሁ» እላለሁ። ሌሊት አይደለም የምተኛው፣ ቀን አይደለም የምነቃው፤ ያን ጊዜ የነበርኩበትን ሌላ የምገልጽበት ቃል የለኝም። ልጄን ለማላውቀው ሰው ትቼ ልሄድ ነው። ጤና አዳሙን ነቅሎ ሮዝ የሚተክል፣ ውሻ የሚያስር፣ የልጆች መወዛወዣ የሚያቆም ሰው ይመጣል።

በዚያ ሰሞን ኤግዚቢሽኑን ለማየት ከከተማው ሰሜን በኩል ካሉት ሰፈሮች የዛሬዎቹ አሦራውያን ይመጡ ነበር። ከኢራቅ የተሰደዱ ክርስቲያኖች ናቸው። እንደሌላው ጎብኚ በቁምጣ አይመጡም፤ ለሠርግ እንደተጠራ ሰው ለብሰው፣ አያት ከነልጅ ልጅ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ በአገራቸው መዶሻ የያዙ ሰዎች የነነዌን ሐውልቶች ሲሰባብሩ በየስልኩ ይታይ ነበር። አንዳንዶቹ ድንጋዩ ፊት ቆመው ያለቅሳሉ። ሲነኩ አይቼ እንዳላየ አልፋቸዋለሁ። የዕቃው ባለቤት የራሱን ቢነካ እኔ ምን ቤት ነኝ!

አንዲት አሮጊት በልጃቸው ክንድ ተደግፈው አራተኛው ክፍል ገቡ። እንስራዋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ልጃቸው ጽሑፉን ተረጎመላቸው። ፊቴን አዩትና በእንግሊዝኛ «አንቺ ልጅ አለሽ?» አሉኝ።

«አንድ» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

«የት ነው?»

«ቤት።»

ራሳቸውን ነቀነቁና በቋንቋቸው ረጅም ነገር ተናገሩ። ልጃቸው አፍሮ፣ «ይቅርታ፣ ስለ እህቴ ነው የምታወራው» አለኝ። «በሕፃንነቷ ሞታ መንደራችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው የተቀበረችው። ስንሸሽ ትተናት መጣን። ኋላ ሰዎች መጥተው የመቃብር ድንጋዮቹን በሙሉ ሰባበሯቸው፤ አሁን የትኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም። እናቴ፣ ምነው ያን ጊዜ አውጥቼ ይዣት በመጣሁ ትላለች፤ ሁልጊዜ ይህንኑ ነው የምትለው።»

አሮጊቷ ጉንጬን በእጃቸው ዳሰሱኝና ሄዱ።

ያን ቀን ሺፍቴ ሲያልቅ አልወጣሁም። ወደ ሁለተኛው ክፍል ተመለስኩ። እዚያ የአሦር ንጉሥ ጦርነቶቹን የሚተርክበት ጽሑፍ ትርጉም ግድግዳው ላይ አለ፤ ስንት ቀን ቆሜበት እስከ ታች አንብቤው አላውቅም ነበር። የባቢሎኑ ባላንጣው ከፊቱ ሲሸሽ የአባቶቹን አጥንት ከመቃብር ለቅሞ በጀልባ ጭኖ ወደ ባሕሩ ማዶ እንደሄደ ይናገራል። የአሦሩ ንጉሥ ይህን የጻፈው ሊያዋርደው ነው። እኔን ግን ምን ማድረግ እንዳለብኝ የነገረኝ ሰው እሱ ሆነ።

በባቡሩ ውስጥ ሰፈራችን አጠገብ እስካለው ታርኒት ጣቢያ ድረስ የምናገረውን ሳጠና ሄድኩ። ባለቤቴ ራት እየሠራ ነበር።

«ይዘነው እንሂድ» አልኩት።

«ምኑን?» አለ፤ ምኑን እንደሆነ እያወቀ።

«ቆፍረን እናውጣው። ዳንደኖንግ ይዘነው እንሂድ።»

ማማሰያውን አስቀመጠ። «ከዚያስ? እዚያስ የዓመት ሊዝ አይደለም እንዴ? በየሊዙ እየቆፈርን ልንዞር ነው?»

«አዎ» አልኩት። «በየሊዙ።»

አለቀስኩ፣ ጮኽኩ፣ ለመንኩት። ካልወጣ ከዚህ ቤት አልወጣም፣ ፖሊስ ይምጣና ያውጣኝ አልኩት። እሱ ምድጃውን አጥፍቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «እሺ» አለኝ በመጨረሻ። «ቅዳሜ ሁለታችንም ዕረፍት ነን። ቅዳሜ እንቆፍራለን።» ያን ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሕኖቹን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመርኩ። እሺ ሲለኝ ዓይኔን አለማየቱን ማስተዋል ነበረብኝ።

ሐሙስ ዕለት ሙቀቱ አርባ ዲግሪ ገባ። ሙዚየሙ ሰው ስላልመጣ ግማሾቻችንን ቀደም ብሎ ለቀቀን። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ስደርስ ደጃችን ላይ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ወደ ጓሮ የሚያስገባው የጎን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሦስት ሰዎች አካፋቸውን በውሃ እያጠቡ ነበር። መንገዱ ዳር የአፈር ክምር አለ፤ ከክምሩ ላይ ጤና አዳሙ ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ ተዘርግቷል።

ጓሮው አልነበረም። ከአጥር እስከ አጥር፣ እስከ ወጥ ቤቱ በር ድረስ፣ ግራጫ ኮንክሪት ነው። ውሃው ገና ከላዩ ያብረቀርቃል።

«ማን አዘዛችሁ?» አልኩ። ትልቁ ሰውዬ፣ አከራዩ ቤቱን ከመሸጡ በፊት ጓሮውን እንዳሳመረው፣ ኤጀንቱ ሰኞ ኢሜይል ልኮ ከተከራዩ ይሁንታ እንዳገኘ በትሕትና አስረዳኝ። ኢሜይሉ የሚደርሰው ለባለቤቴ ነው። «እስከ ነገ እንዳትረግጪው እሺ» ብሎኝ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ረገጥኩት። በሥራ ጫማዬ ገባሁበት፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰመጥኩ። አበባ የምተክልባትን ትንሿን አካፋ ይዤ ቆፈርኩ፤ አልበቃኝ ሲል በእጄ ቆፈርኩ። ኮንክሪቱ ያቃጥላል፤ እንዲህ እንደሚያቃጥል አላውቅም ነበር። ከሥሩ የተደለደለ ጠጠር አለ። ከአጥሩ ጋ ይመስለኝ ነበር፤ የለም። ትንሽ ወደ መሀል ነው አልኩ። ከዚያ ደግሞ ወደ ቧንቧው። ሦስት ቦታ ቆፈርኩ። ስንት ወር በየማለዳው የሄድኩበትን ቦታ ያለ ጤና አዳሙ አላውቀውም። የዚያች አሮጊት ልጅ የነገረኝ በእኔም ደረሰ፤ ያውም በገዛ ጓሮዬ። ተንበርክኬ ኡኡ አልኩ። ጎረቤት ሰማ አልሰማ ግድ አልነበረኝም።

ባለቤቴ የመጋዘኑን ቢጫ ሰደርያ እንደለበሰ በጎኑ በር ሲገባ እዚያው ነበርኩ።

«አንተ ነህ!» አልኩት። «አውቀህ ነው!»

«ከልብሽ እንዲወጣልሽ ብዬ ነው» አለ። «ከተዘጋ ትተይዋለሽ ብዬ ነው። እየሞትሽብኝ ነበርኮ።»

ተነሥቼ ደረቱን በኮንክሪት እጄ መታሁት፤ ደጋግሜ መታሁት። አልተከላከለም። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ የቆፈርኳቸውን ሦስት ጉድጓዶች ነበር የሚያየው።

«እዚያ አይደለም» አለኝ።

እጄን ከደረቱ ላይ አንሥቶ ወደ አጥሩ ሄደ። ተረከዙን ከቆርቆሮው አስጠግቶ፣ አንዱን ጫማ ከሌላው ፊት እየደረደረ ቆጠረ። አሥራ አንድ ላይ ቆመ፣ ቧንቧውን አየና ዞረ፣ አራት ጨመረ። «እዚህ ነው» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ነው የምወጣው፣ አንቺ ሳትነሺ። ጫማዬን እዚህ ሆኜ ነው የማስረው።»

ጋራዥ ገብቶ ትልቁን አካፋ ይዞ መጣ። ኮንክሪቱ በዚያ ሙቀት መጠንከር ጀምሯል፤ በእግሩ እየረገጠ፣ እየወጋ፣ እየፈለቀቀ ጣለው። እኔ ጠጠሩን በእጄ እዝቃለሁ። ጠጠሩ አለቀና ጥቁሩ አፈር መጣ፣ ደረቅ፣ እንደ ጡብ። አንድ ክንድ ደረስን። በጉልበቴ ተንበርክኬ እያንዳንዱን ጓል በጣቶቼ ፈረፈርኩት። ሳጥኑ የለም። ወረቀት ነበር፤ ከአፈሩ ጋር አንድ ሆኗል። የነጠላዬን ክር ፈለግሁ፤ ጥለቱ ሰማያዊ ነበር። እሱም የለም። የዚያን መጠን ልጅ አጥንት ምን ያህል እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት፤ እስከዚያች ሰዓት አስቤው አላውቅም ነበር።

ግራና ቀኙን አሰፋን። አፈር ነው። በእጄ የያዝኩት እሱ ይሁን አፈር፣ መለየት አልቻልኩም።

«በቃ» አልኩት። «ምንም የለም።»

ባለቤቴ ቀና አላለም። ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል።

«አለ» አለኝ።

ክንዱን ያዝኩት። «ተው፣ በቃ! የለም እኮ!» እጄን በቀስታ ከክንዱ ላይ አነሣና አካፋውን እንደገና ሰካ። አንድ ክንድ ካለፍን ቆይተናል፤ ከዚያ በታች እንዳልቆፈርን እሱ ራሱ ያውቃል። መቆፈሩን ግን አላቆመም።